ከእራት በኋላ የሚመጣው የቸኮሌት አምሮት፦ ምን ታደርጉታላችሁ?

ጣፋጭ ጠላቴ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ አመጋገቤን እያስተካከልኩ ነው። ቁርስ አልዘልም፣ አትክልትና ጥራጥሬ አዘወትራለሁ፣ ለስላሳ መጠጥ ትቻለሁ። ቀን ቀን ምንም አያስቸግረኝም። ችግሩ የሚመጣው እራት ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። ቸኮሌት ያምረኛል። ርቦኝ አይደለም። ፍራፍሬ ብበላበትም አይበርድም፤ ፍራፍሬውን ጨርሼ ቸኮሌቱን እጨምርበታለሁ። "አንድ ቁራሽ ብቻ" ተብሎ የተከፈተ ጥቅል በዚያው ምሽት ያልቃል።

አንዲት ጓደኛዬ "የማግኒዥየም እጥረት ነው፤ ሰውነትሽ የሚፈልገውን ያውቃል" ትላለች። ሌላዋ ደግሞ "ጥቁር ቸኮሌት ለልብ ጥሩ ስለሆነ አትጨነቂ" ትለኛለች። ሁለቱንም ባምን ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሁለቱም ከመጠን በላይ የሚመቹኝ መልሶች ስለሆኑ ተጠራጠርኩ። እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ጨርሶ መተው ነው ወይስ ልክ ማበጀት?

ሚዛን

እህቴ፣ ያለ ቁጥር የሚደረግ ክርክር ስለማይዋጥልኝ መጀመሪያ ቁጥሩን ላስቀምጥ። 100 ግራም የወተት ቸኮሌት ወደ 535 ኪሎ ካሎሪ (በተለምዶ ካሎሪ የምንለው) አለው፤ ከክብደቱም ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። የካካዎ መጠኑ ከ70 እስከ 85 በመቶ የሆነ ጥቁር ቸኮሌት በስኳር በኩል በጣም ይሻላል፤ በ100 ግራም 24 ግራም ገደማ ነው። ካሎሪው ግን ወደ 600 ይጠጋል፤ ስቡ ከ40 ግራም ይበልጣላ! "እኔ የምበላው ጥቁሩን ስለሆነ አያወፍርም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን አሳዩት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ነጻ ስኳር (ምግብ ላይ የሚጨመረው፣ በማርና በጭማቂ ያለውም) ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 50 ግራም እና 25 ግራም ማለት ነው። ስለዚህ አንቺ በአንድ ምሽት የምትጨርሺው ጥቅል 100 ግራም የወተት ቸኮሌት ከሆነ የቀኑን ጣሪያ ብቻውን ይነካል። 20 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ግን 120 ካሎሪና 5 ግራም ያህል ስኳር ብቻ ነው፤ ከማንኛውም ጤናማ አመጋገብ ጋር ይስማማል። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ግዢ። ቸኮሌት በዓይን አይለካም፤ ዓይን ሁልጊዜ ለአፍ ያዳላል።

ተማሪ ነኝ

እኔ ደግሞ ለፈተና ሳጠና ነው የሚያምረኝ። ከመጽሐፉ ይልቅ የጥቅሉ ወረቀት ድምፅ ይበልጥ ይስበኛል። መፍትሔ የለኝም፤ መልሶቹን ለመከታተል ነው የገባሁት።

የላቦራቶሪ ሰው

የምሠራው ጣፋጭ ምግቦች በሚመረቱበት ቦታ፣ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው። ቸኮሌት መቅመስ የሥራዬ አካል ስለሆነ ቤት ስገባ የሚያምረኝ ጨው ያለበት ነገር ነው። ይህን የምናገረው ፍርዴን በዚያ ልክ እንድትመዝኑት ነው።

የማግኒዥየሙ ነገር እግር የለውም። እርግጥ ነው፣ ጥቁር ቸኮሌት ማግኒዥየም አለው፤ በ100 ግራም 230 ሚሊ ግራም ያህል። የዱባ ፍሬ ግን በእኩል ክብደት ከዚያ ከእጥፍ በላይ ይይዛል። ለውዝና ቅጠላ ቅጠልም ጥሩ ምንጮች ናቸው። ሰውነት የጎደለውን ፈልጎ ቢሆን ኖሮ በሌሊት ተነስቶ የዱባ ፍሬ የሚያስስ ሰው በብዛት ባየን ነበር። ደግሞስ ብዙ ሰው የሚያምረው የወተት ቸኮሌት ነው፤ ማግኒዥየሙ ከጥቁሩ ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ይህን ጥያቄ በቀጥታ የፈተኑ ሰዎች አሉ። ሚችነር እና ሮዚን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ቸኮሌት ለሚያምራቸው ሰዎች በአምሮታቸው ሰዓት የተለያየ ነገር ሰጡ፤ ለአንዱ ጊዜ የወተት ቸኮሌት፣ ለሌላው ነጭ ቸኮሌት፣ ለሌላው የካካዎ ዱቄት የተሞላ እንክብል፣ ለሌላው ባዶ እንክብል። ነጭ ቸኮሌት የካካዎ ቅቤ እንጂ የካካዎው ቡናማ ክፍል የለበትም። በእንክብሉ ውስጥ ደግሞ ካፌይኑም፣ ካፌይን መሰሉ ቲኦብሮሚኑም፣ ማዕድኑም አለ፤ የሌለው ጣዕሙና ልስላሴው ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? የወተት ቸኮሌቱ አምሮቱን አበረደ፤ ነጩ በከፊል አበረደ፤ የካካዎው እንክብል ግን ከባዶው አልተሻለም። አምሮቱ ያለው አፍ ላይ ነው ማለት ነው። ጣዕሙ፣ ሽታው፣ አቀላለጡ።

አቀላለጡን እንደ ቀላል አትዩት። የካካዎ ቅቤ በክፍል ሙቀት ጠጣር ሆኖ ይቆያል፤ 34 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ይህም ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ለዚህ ነው እጅ ላይ ቆይቶ ምላስ ላይ ወዲያው የሚሟሟው። እኛ በፋብሪካ ብዙ የምንለፋው ቅቤው በትክክለኛው ቅርጽ እንዲረጋ ነው፤ ያ ከተበላሸ ያው ቸኮሌት፣ ያው ስኳር፣ ያው ካካዎ ሆኖ ሳለ የሚያምረው ሰው አይኖርም። "የፍቅር ኬሚካል አለበት" የሚባለውንም አብሬ ልዝጋው፤ ፌኒልኢቲላሚን የተባለው ንጥረ ነገር በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ተበልቶ ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በሰውነት ኢንዛይሞች ይፈራርሳል።

ጣፋጭ ጠላቴ

የላቦራቶሪው ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ፤ ጓደኛዬን የምመልስበት አገኘሁ። አሁን ግን ጥያቄው ባሰ። እጥረት ቢሆን ኖሮ አንድ እንክብል ውጬ እገላገል ነበር። ነገሩ አፍ ላይ ከሆነ ምን ይውጣል?

ጭራሽ አልቀምስም

እኔ የወጣሁበትን መንገድ ልንገርሽ፦ ቤት አላስገባም። ቀላል ነው። ሚዛን የለም፣ ቁራሽ የለም፣ "ዛሬ ብቻ" የለም። "ልክ አበጅቶ መብላት" የሚባለው ምክር አንድ ቁራሽ በልተው ማቆም ለሚችሉ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ እነሱ ደግሞ ምክሩ አያስፈልጋቸውም። እኔ ከአንድ ቁራሽ በኋላ ሌላ ሰው ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ራሱ ቀረ። አሁን ሰው ፊቴ ቢበላ አይሰማኝም።

የላቦራቶሪ ሰው

እህቴ፣ ለአንቺ መሥራቱን አልክድም። ለብዙ ሰው ግን ክልከላ ነገሩን ሲያባብሰው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የፖሊቪ እና የባልደረቦቿ ጥናት አለ፤ ለአንድ ሳምንት ቸኮሌት ከተከለከሉት መካከል በተለምዶ ምግባቸውን የሚቆጣጠሩት ሰዎች፣ ማለትም ልክ እንደኛ ጠያቂ ያሉት፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ከሌሎቹ ይበልጥ በሉ። አምሮታቸውም ጨምሮ ነበር። ኧርስኪን የተባለ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 "ስለ ቸኮሌት አታስቡ" የተባሉ ሴቶች ከዚያ በኋላ ቸኮሌት ሲቀርብላቸው የበለጠ እንደሚበሉ አሳይቷል። ማፈን ሌላ፣ መተው ሌላ ነው እንዳትዪኝ ብቻ።

ጭራሽ አልቀምስም

እላለሁ እንጂ! ልዩነቱ እዚያው ነው። አንድ ሳምንት ተከልክሎ ስምንተኛው ቀን ላይ ሳህን ሙሉ የቀረበለት ሰው ስለ አንድ ሳምንት ይነግረናል። ቀኑን እየቆጠረ የሚጠብቅ እስረኛ ነው፤ እኔ ግን የምጠብቀው ቀን የለኝም። "አታስቡ" መባልም የእኔ ዘዴ አይደለም፤ እንደፈለግኩ አስባለሁ፣ ቤት ውስጥ ግን የለም። ለማግኘት ልብስ ለብሶ መውጣት የሚያስፈልገው አምሮት አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ ይደክማል።

ሚዛን

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ እስማማለሁ። ያ ግን ክልከላ ሳይሆን ርቀት ነው። እኔም ትልቁን ጥቅል አልገዛም፤ እየተነጠለ በየራሱ የተጠቀለለውን ትንሹን እገዛለሁ። በግራም ሲታሰብ ዋጋው ይወደዳል፤ እያንዳንዱን ወረቀት መፍታት ግን "ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?" የሚል ጥያቄ ያስነሳል።

ነርሷ

ሁላችሁም ስለ ቸኮሌቱ ትከራከራላችሁ፤ እስቲ ስለ ሰዓቱ እናውራ። ጠያቂያችን ሁለት ጊዜ ፍንጭ ሰጥታናለች፦ "ርቦኝ አይደለም"፣ "ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ"። ይህ ከሰዓትና ከቦታ ጋር የተሳሰረ ልማድ ይመስላል። አንጎል በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ወንበር ላይ ጣፋጭ መጠበቅን ተምሯል፤ ስለዚህ ሰዓቱ ሲደርስ ሆድ ሞልቶም ይጠይቃል።

ጊብሰን እና ዴዝሞንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙትን ጥናት በጣም እወደዋለሁ። ሰዎችን ለሁለት ሳምንት ቸኮሌት አበሏቸው፤ ግማሾቹ የሚበሉት ሲርባቸው ብቻ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከምግብ በኋላ ወዲያው፣ ጠግበው ሳሉ። ርቧቸው የበሉት አምሮታቸው ጨመረ፤ ጠግበው የበሉት ቀነሰ። ይህን ለታካሚዎች ስነግር ብዙዎቹ አያምኑኝም፤ ምክንያቱም ሁሉም የለመደው ከምግብ ራቅ አድርጎ እንደ መክሰስ መብላትን ነው። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ ምሳ ርቆ እራት ሳይደርስ የሚበላ ቸኮሌት ከሁሉም የከፋው ነው። ረሃቡን ያስታገሰው እሱ ስለሆነ ሰውነት በሚቀጥለው ቀን በዚያው ሰዓት ይፈልገዋል።

ስለዚህ ምክሬ፦ መብላትሽ ካልቀረ ማዕድ ላይ ብዪው። ምሳ ወይም እራት እንዳለቀ፣ ከገበታው ሳትነሺ፣ የተወሰነውን ቁራሽ በልተሽ ጥርስሽን አጽጂ። ወደዚያ ወንበር ይዘሽው አትሂጂ።

ሌላው እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ሲያጥር የረሃብ ስሜት የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን ከፍ፣ የጥጋብ ምልክት የሚሰጠው ሌፕቲን ዝቅ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚፈለገውም ሰላጣ አይደለም። ተማሪው ወንድማችን ይህ ለአንተም ነው። 50 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ወደ 40 ሚሊ ግራም ካፌይን አለው፤ ለካፌይን ስስ የሆነ ሰው ማታ ሲበላው እንቅልፉ ይሸሻል፤ ያጣው እንቅልፍ ደግሞ በማግስቱ ሌላ ቸኮሌት ያስፈልገዋል።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ እኔ ሳይንሱን አላውቅም። ሐኪም "ጣፋጭ ቀንስ" ካለኝ ወዲህ የማደርገው ነገር አለ፤ ሲያምረኝ ጫማዬን አደርጋለሁ። ፈጠን ብዬ ሩብ ሰዓት ያህል ተራምጄ ስመለስ ወይ ረስቼዋለሁ ወይ ጥቂቱ ይበቃኛል። ዝናብ ከሆነ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ዝም ይላል። ባለቤቴ ይህ ሰበብ ነው፣ ቤቱን በብሎንና በሽቦ ሞላኸው ትላለች።

የላቦራቶሪ ሰው

አባቴ፣ እርስዎ ሳይንሱን አላውቅም ይላሉ እንጂ ያደረጉት ልክ ጥናት የተሠራበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አገር ኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በታተመ ሙከራ ላይ ቸኮሌት አዘውታሪዎች ገሚሶቹ 15 ደቂቃ ፈጠን ብለው ከተራመዱ፣ ገሚሶቹ ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ የቢሮ ሥራ የሚመስል ሥራ ተሰጣቸው፤ አጠገባቸው ቸኮሌት ተቀመጠ። የተራመዱት በአማካይ 15 ግራም ያህል ሲበሉ፣ ተቀምጠው የቆዩት 28 ግራም በሉ። ግማሽ ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። የሚገርመው ደግሞ የተሰጣቸው ሥራ ከባድ መሆን አለመሆኑ ልዩነት አላመጣም፤ እኛ ግን ሁልጊዜ "ጭንቀት ነው የሚያስበላኝ" እንላለን።

የእጅ ሥራዎትም እንዲሁ። ለአሥር ደቂቃ ያህል የልጆች መጫወቻ ጭቃ እየጠፈጠፉ የቆዩ ሰዎች የቸኮሌት አምሮታቸው እንደቀነሰ የታየበት ጥናት አለ። አምሮት በአብዛኛው ምስል ነው፤ ቸኮሌቱን በዓይነ ሕሊና እናየዋለን፣ እናሸተዋለን። እጅና ዓይን በሌላ ነገር ሲያዙ ምስሉ ቦታ ያጣል። ለባለቤትዎ ይህን ያንብቡላቸው።

ጡረተኛው

አነበብኩላት። "ብሎኑን ግን ጥናቱ አላለም" አለች።

ባለ ስኳሩ

ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ስላለብኝ ኢንሱሊን እወስዳለሁ። በዚህ ክር ውስጥ እንደኔ ያሉ አንባቢዎች ካሉ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ የደም ስኳራችሁ ድንገት ሲወርድ ቸኮሌት አትያዙ። ጣፋጭ ስለሆነ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ስቡ የስኳሩን ወደ ደም መግባት ያዘገየዋል። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ፈጣን ነገር ነው፦ የግሉኮስ እንክብል፣ የፍራፍሬ ጭማቂ ወይም ስኳር ያለው ለስላሳ መጠጥ። ይህን ሳያውቁ ኪሳቸው ውስጥ ቸኮሌት ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ያስፈሩኛል።

ሁለተኛ፣ "ስኳር የሌለው" ተብሎ የሚሸጠው ቸኮሌት ነጻ ፈቃድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ማልቲቶል የሚባል፣ "የስኳር አልኮል" ከሚባሉት ማጣፈጫዎች አንዱ ይገባበታል። ማልቲቶል ከስኳር ያነሰ ይሁን እንጂ ካሎሪ አለው፤ የደም ስኳርንም በመጠኑ ያነሳል። ስቡም እንዳለ ነው። ብዙ የበላ ደግሞ ሆዱ ያስተምረዋል፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት የስኳር አልኮሉ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ "ከመጠን በላይ መመገብ ሊያስቀምጥ ይችላል" የሚል ማሳሰቢያ በጥቅሉ ላይ ይጻፋል። እኔ ትክክለኛውን ጥቁር ቸኮሌት፣ ትንሹን፣ ከምግብ ጋር ቆጥሬ እበላለሁ። ነርሷ ያለችው ለኔም ሠርቷል።

ዝምተኛዋ

እስካሁን ሳነብ ብቻ ነበር። ከወር አበባ በፊት ያሉት ቀናትስ? ያኔ የሚመጣው አምሮት እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም፤ ሆርሞን ነው ይባላል። እሱንም በእግር ጉዞ አባርሩት ልትሉኝ ነው?

ነርሷ

እህቴ፣ ስሜቱ እውነት ነው፤ ማንም "የለም" ሊልሽ አይገባም። በዚያ ወቅት የምግብ ፍላጎት በአጠቃላይ የሚጨምርባቸው ሴቶች አሉ። የሚመጣው ነገር ለምን ቸኮሌት ሆነ ስንል ግን ሆርሞን ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እዚያው የተወለዱት ሴቶች ከወር አበባ ጋር የተያያዘ የቸኮሌት አምሮት አለን የሚሉበት መጠን ከሌላ አገር ከመጡት በጣም እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሆርሞኑ የሁሉም አንድ ነው፤ የተለየው የለመዱት ነገር ነው። እነዚያ ቀናት ቸኮሌት "የተፈቀደባቸው" ተብለው ሲያዙና ሲጠበቁ አምሮቱም ይመጣል።

ስለዚህ ለነዚያ ቀናት ማድረግ የምትችዪው ምግብሽን ትንሽ መጨመር ነው፤ በተለይ ፕሮቲንና ያልተፈተገ እህል። ቸኮሌቱንም አስበሽ ያዥው። በድንገት የሚያዝሽ ከሆነ ነው የሚበዛው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እዚህ የምናወራው ስለ ተራ አምሮት ነው። ተደብቆ መብላት፣ ሲጀምሩ መቆም ፈጽሞ አለመቻል፣ ከዚያ በኋላ ማስመለስ ወይም ራስን በረሃብ መቅጣት ካለ ጉዳዩ የቸኮሌት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ምክር ከማሰባሰብ ይልቅ ባለሙያ ቢያይ ይሻለዋል፤ ሕክምና ያለው ችግር ነው።

ጣፋጭ ጠላቴ

የኔ እዚያ አልደረሰም፤ ስለ ጥንቃቄሽ ግን አመሰግናለሁ። የሁለተኛዋ ጓደኛዬ ጥያቄ አልተመለሰም እኮ። "ለልብ ጥሩ ነው" የምትለዋ።

ተማሪ ነኝ

እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር። ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ እርሳስ፣ መርዛማው ብረት፣ አለ የሚባለውንስ?

የላቦራቶሪ ሰው

ከልቡ ልጀምር። ካካዎ ፍላቫኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ የደም ሥሮች እንዲለጠጡ ያግዛሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 በቀን 200 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል ለዚህ እንደሚጠቅም ተቀብሏል። እስካሁን ደግ ነው። ነገር ግን በገበያ ላይ ያለው ተራ ቸኮሌት ፍላቫኖሉ ምን ያህል እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍበትም፤ ፍሬው ሲቦካ፣ ሲቆላ፣ በተለይም ምሬቱን ለመቀነስ በአልካሊ (አሲድን በሚያለዝብ ንጥረ ነገር) ሲታጠብ ብዙው ይጠፋል። "70 በመቶ" የሚለው ቁጥር ከካካዎ ፍሬ የመጣውን ሁሉ፣ ቅቤውንም ጨምሮ የሚለካ እንጂ የፍላቫኖል መለኪያ አይደለም።

ትልቁ ሙከራ ኮስሞስ የሚባለው ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ፤ 21,442 አሜሪካውያን ተሳትፈውበታል። በቀን 500 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል የወሰዱት ሰዎች ላይ አጠቃላይ የልብና የደም ሥር ሕመም ክስተቶች በአስተማማኝ ሁኔታ አልቀነሱም፤ በነዚህ ሕመሞች የሞቱት ቁጥር ግን ያነሰ ነበር። ደስ የሚል ፍንጭ ነው። ይሁንና የወሰዱት እንክብል ነው፤ ቸኮሌት አይደለም። ስኳርም ስብም የለበትም። ድጋፍ ካደረጉት አንዱ ደግሞ ቸኮሌት አምራቹ ማርስ ነው። ለጓደኛሽ ይህን ንገሪያት፦ ቸኮሌት ደስ ስለሚል ይበላ፤ መድኃኒት ነው ተብሎ ግን አይበላ።

ወደ እርሳሱ ስንመጣ፣ ወሬው መሠረት አለው። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባወጣው ዘገባ 28 ጥቁር ቸኮሌቶችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ እርሳስና ካድሚየም የሚባል ሌላ መርዛማ ብረት አገኘ። በ23ቱ ላይ፣ አንድ አዋቂ በየቀኑ 28 ግራም ቢበላ ድርጅቱ ከያዛቸው ጥብቅ መጠኖች ቢያንስ አንዱን ያልፋል። ካድሚየሙን ዛፉ ከአፈር ይስበዋል፤ እርሳሱ በአብዛኛው የሚመጣው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ሲሰጣ ከሚያርፍበት አቧራ ነው። ካካዎ በበዛ ቁጥር ሁለቱም ይበዛሉ፤ ስለዚህ በዚህ በኩል የወተቱ ቸኮሌት ይሻላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለካድሚየም ጣሪያ አስቀምጧል፤ ካካዎው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ቸኮሌት በኪሎ 0.80 ሚሊ ግራም ነው። በሳምንት ጥቂት ጊዜ ትንሽ ለሚበላ አዋቂ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ግን ጥቁሩን የየዕለት ምግብ ባያደርጉት፣ ሌላውም ሰው የሚገዛውን ዓይነት ቢቀያይር መልካም ነው።

ሚዛን

እንግዲህ እኔ ሁሉም ሰው 85 በመቶውን ይብላ እያልኩ ስሰብክ ከርሜ ነበር። የወተቱን ስኳር ፈርተው ወደ ጥቁሩ የሸሹት ካድሚየም ይጠብቃቸዋል ማለት ነው። የቀረን ነጩ ነው።

የላቦራቶሪ ሰው

ነጩ ደግሞ በ100 ግራም ወደ 59 ግራም ስኳር ነው፤ ከሦስቱም ይበልጣል። እንኳን ደኅና መጡ።

ጭራሽ አልቀምስም

እኔ እዚህ ተቀምጬ እየሳቅኩ ነው።

ጣፋጭ ጠላቴ

ሳቂ እህቴ፣ መብትሽ ነው። ያሰብኩትን ልጻፍ፦ ትልቁን ጥቅል መግዛት አቆማለሁ፤ የተነጠለውን ትንሹን እይዛለሁ። ከምሳ በኋላ ማዕድ ላይ እበላዋለሁ፤ ማታ ግን ወንበሬን እቀይራለሁ፤ አባታችን እንዳሉትም ሲያምረኝ መጀመሪያ እወጣለሁ። መተው የሚለውን ምክር አልናቅኩትም፤ ይህ ካልሠራ እሞክረዋለሁ። አንድ ቀሪ ጥያቄ አለኝ፤ ማታ ማታ በትኩስ ወተት የካካዎ ዱቄት ብጠጣስ? አምሮቱ አፍ ላይ ከሆነ ያታልለዋል ብዬ ነው።

የላቦራቶሪ ሰው

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ዱቄቱ ግን ንጹሕ ካካዎ ይሁን። አሥር ግራም፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ሞላ ያለ፣ 23 ካሎሪ ያህል ብቻ ነው፤ ወደ 3 ግራም አሠርም አለው። ቅቤው ስለተጨመቀለት የቸኮሌቱን አቀላለጥ አታገኚም፤ የወተቱ ስብ በመጠኑ ይተካዋል። መጀመሪያ ከትንሽ ሙቅ ወተት ጋር ለጥፊው፣ ከዚያ ቀሪውን ጨምሪ፤ አለበለዚያ ይቋጠራል። ስኳር መጨመርሽ አይቀርም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ነው፤ ከጥቅሉ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

የንጥረ ነገር ዝርዝሩን አንብቢ። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው፤ መጀመሪያ ላይ "ስኳር" ካየሽ የያዝሽው የሚጠጣ ቸኮሌት ዱቄት ነውና መልሰሽ አስቀምጪው። "በአልካሊ የተዘጋጀ" የሚለው ጠቆር ያለና የለዘበ ነው፤ ለአምሮት ይሆናል፤ ፍላቫኖሉ ግን ያነሰ ነው። ፈዘዝ ያለውና መረር የሚለው ያልታከመው ነው። ለእንቅልፍሽ የምትሰጊ ከሆነ ደግሞ ካፌይኑ ጥቂት ቢሆንም አለ፤ ከእራት ጋር ጠጪው።